ጥርስና ድድ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥርስ ነው የሠራሁ፣
በሰም እየቀረጽሁ፣ በእሳት እያበሰልሁ፤
የባንጎርን ሰው አፍ በመዳፌ አውቃለሁ፣
የቄሱን ፈገግታ፣ የአሣ ሻጩን ሳቅ፣
ማን በየት እንዳኘከ፣ ማን ምን እንደሚደብቅ።

ጡረታ ስወጣ አንዲት መኪና ገዛሁ፣
ከበጎች በረት ውስጥ፣ ከገለባ አወጣሁ፤
ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ከወገቤ፣
ስድስት ክረምት ፈጀች ከዕድሜም ከገንዘቤ።
ሻንሲዋን በየድሁ፣ ፍሬኗን ቀየርሁ፣
ካርቡራተሯን በጥርስ ብሩሽ አጸዳሁ፣
የሰናፍጭ ቢጫ ቀለሟን መለስሁ።
ሁሉ ነገር አልቆ ጎማው ብቻ ቀረ፣
ሦስት ወር ሙሉ እሱው ከእንቅልፌ ጋር አደረ።

አብረዋት የመጡት አሮጌዎቹማ
አፋቸው ሲታይ የጎረምሳ ነው፣ የለውም እንከን፤
ጥርሳቸው ሙሉ ነው፣ አንድም አልጎደለ፣
ጎናቸው ላይ ግን አራት ቁጥር አለ፦
ሠላሳ አንድ፣ ዜሮ አራት። በሠላሳ አንደኛው ሳምንት
ሁለት ሺህ አራት ነው የተወለዱበት።
በጥፍሬ ብጫነው አልሰማም አለኝ፣ እንደ ቀንድ ደርቋል።
ጥርሱ ሙሉ ቢሆን ምን ይረባል? ድዱ ሞቷል።

ጎሚስታው ግዊልም፣ ጣቱ እንደ ካላማዳሪ ያበጠ፣
አራት ጥቁር ጎማ ከመደርደሪያው አውርዶ አስቀመጠ።
ለስላሳ፣ መላጣ፤ ሁለት ሦስት ጭረት ብቻ።
«ሲግል ሙጫ ይሆናል፤ በመም ላይ የለውም አቻ።»
ሳቅሁ። የሠላሳ ዓመት ትምህርቴ ተገለበጠ፤
ጥርስ የሌለው አፍ ነው ለካ አጥብቆ የሚነክስ፣
ፀሐይ እስካለች ድረስ፣ ሰማዩ እስኪያለቅስ።

«ሲዘንብስ?»
ዝም አለ። ዌልስ ውስጥ ይህ መልስ ይባላል።
ውኃ መውጫ ሲያጣ ከሥሩ ገብቶ ያነሣዋል፤
መኪናዋ ጀልባ ትሆናለች፣ መሪው ጌጥ ይሆናል።
«እንግዲያ ሁለት ባላ ትከዪ፤ ለመም አንድ፣ ለመንገድ አንድ፤
ተጎታች ግዢና ጭነሻት ሂጂ፣ ምን አለበት ለአንድ ቀን መንገድ?»
እምቢ አልሁ። በራሷ እግር ሄዳ በራሷ እግር ትመጣለች፤
ተጭና የምትሄድ መኪና ለእኔ ዕቃ ነች።

«እሺ፣ ኔስታ» አለና እጄን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።
«አንዱ ጎማ መሬት የሚነካው ይቺን ታህል ነው።»
አራት መዳፍ። በቃ።
ነፍሴ፣ ብረቱ፣ ስድስቱ ክረምት
ባሕር ዳር ባለው ኩርባ የሚንጠለጠሉበት
አራት መዳፍ መሬት።

በመጨረሻ የመረጥሁት ከሁለቱ መሐል ያለውን ነው፤
ማንም ስሙን የማያነሣው፣ ጥርሱ ልከኛ የሆነው።
አጥብቆ አይነክስም። ግን ሊለቅ ሲል ያጉረመርማል፤
ሳይናገር አይከዳም። ይህስ ከስንት ሰው ይገኛል?

ሚያዝያ ላይ፣ ቅዳሜ፣ ባሕሩ ዳር ካለው መም ዋልሁ።
ኢድዋል፣ የቀድሞው አናጺ፣ በመላጣው ጎማ ሦስቴ አለፈኝ፣
እጁን በመስኮት አውጥቶ እንደ ዝንብ እሽ አለኝ።
በዙር አራት ሰኮንድ። ቀናሁ፣ አልዋሽም፤
ዛሬም ሳስበው ጥርሴን ሳልነክስ አላልፍም።

ወደ ማታ ከአየርላንድ በኩል ጥቁር ደመና ገፋ፣
ባሕሩ ከሰማዩ ጋር ተደባልቆ ጠፋ።
ኢድዋል በሩ ላይ ቆሞ፣ መስኮት ዘግቶ፣ እስኪያባራ ይጠብቃል፤
ሳንድዊቹን ያኝካል።
(ጥርሱ የእኔ ሥራ ነው። እንዳሻው ያኝካል።)

እኔ በዝግታ ወጣሁ።
ከጸሎት ቤቱ በታች፣ የድንጋዩ አጥር በሚጠመዘዝበት፣
አስፋልቱን ጭቃና የበግ በጠጥ ባለበሱበት፣
የኋላዋ ሸተት አለ፤
ግን ቀደም ብሎ ነግሮኝ ነበር፣
ገና ሊጀምረው እንደሚል የጥርስ ሕመም፣ በስሱ።
እግሬን አላላሁ። ያዘ።

ጋራዥ ገብቼ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎንበስ ብዬ ዳሰስሁት፤
ሞቅ ያለ ድድ። በሁለት ጥርስ መካከል ጠጠር አገኘሁ፤
ከድሮው የሥራ ሣጥኔ ቀጭኗን መንጠቆ አምጥቼ
ነቀልሁት።